ወርቁ የጠፋባት መኪና

ስማኝማ፣ ይሄን የምነግርህ እኔ፣ ሰይጣን መጥቶ አጠገቤ ቢቀመጥ ሲጋራ አለህ ወይ ብዬ የምጠይቀው ዓይነት ሰው ነበርኩ። የሰፈራችን ሴቶች ስለ ዛር ስለ ጥላ ሲያወሩ ፊት ለፊታቸው ነው የምስቅባቸው፣ አንዷ ጎረቤታችን ከጉድጓድ ውስጥ የህፃን ልቅሶ ይሰማኛል ብትል «እትዬ፣ ድመት ነው፣ ገመድ ላቀብልዎት?» ብያት ስንት ጊዜ አኩርፋኛለች። ትምህርት አልገፋሁም፣ ስምንተኛ ላይ ፈተና ጥሎኝ ቀርቻለሁ፣ ግን ዓይኔ ደህና ነው፣ እንጀራዬም ዓይኔ ነው፣ ኮልፌ ጋሽ ስርጋጋ ፎቶ ቤት ፎቶ አንሺ ነኝ። ያየሁትን እነግርሃለሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም እልሃለሁ፣ ከዛ አንተው ፍረድ።

መጀመሪያ ግን ስለ ወንድሜ ልንገርህ፣ አለበለዚያ ምኑም አይገባህም። ታላቄ ነው፣ ወርቁ ይባላል፣ የአንድ ደጃዝማች ሹፌር ነበር፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ጊዜውን ታውቀዋለህ። አንድ ቀን የደጃዝማቹን ልጅ ይዞ ወደ ገጠር ወጣ፣ መኪናዋ ተመለሰች፣ ልጁም ተመለሰ፣ ወርቁ ግን አልተመለሰም። ወዴት ሄደ ስንል «ከዳ» አሉን። እናቴ ግቢያቸው በር ላይ ቁጭ ብላ ዋለች፣ ዘበኛው ወጥቶ «ልጅሽ የጌታውን ቤት ከድቶ ነው የጠፋው፣ አንቺም ዝም ብትዪ ይሻልሻል» ብሎ መለሳት። ከድቶ ወዴት ነው የሚሄደው? አዲሱን ኮቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚከዳ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

እና አስከሬን የለ፣ ያየ የለ፣ መርዶ የሚያረዳ የለ፣ ለቅሶ አልተቀመጥን። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም፣ ነጭም አልለበሰችም፣ አንዲት ዳለቻ ቀሚስ አላት፣ እሷን እያጠበች ትለብሳለች። ሰርግ ብትጠራ አትሄድም፣ ፀጉሯን አትሠራም፣ የግቢውን በር ደግሞ ማንም እንዲቆልፈው አትፈቅድም፣ ይመጣል እያለች። ሌላ ነገር አልተመኘሁም፣ እመነኝ፣ ወይ መጥቶ ይግባ፣ ወይ ሞቷል ይባልና እናቴ ደረቷን መትታ አልቅሳ ይውጣላት። ሁለቱም ሳይሆን እንዲህ መሃል ላይ መንጠልጠል ሰው ይገድላል።

እሺ። ጥቅምት ላይ ነው፣ እሁድ ከሰዓት፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በላይ ባለው ሜዳ የአሮጌ መኪና ትርዒት አለ ተባለና ጋሽ ስርጋጋ ካሜራውን አሸክሞ ላከኝ። የመኳንንት ልጆች አሉ፣ ፈረንጅ አለ፣ ግሪኩ አርመኑ አለ፣ ጣልያን ጥሎት የሄደውን ሁሉ ከየጋራዡ ጎትተው አውጥተው አሰልፈውታል፣ አሮጌ ነገር ማየት ከፈለጉ የኛን ቤት ቢጎበኙ በነፃ ነበር። ውሃ በቦቴ አስመጥተው ጎማ ያጥባሉ፣ ከመንገዱ ማዶ ሴቶቻችን ቦኖው ጋ እንስራቸውን ደርድረው የውሃውን መምጣት ይጠብቃሉ፣ ጎማው ግን ያብለጨልጫል። ደሜ እየፈላ ነው የማነሳው። አንዱ ቦርጫም እግሩን የባሊላ መኪናው መርገጫ ላይ ሰቅሎ «ሆዴን አሳንሰህ አንሳኝ» አለኝ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ካሜራ ነው የያዝኩት፣ ወጥ ቤቱን ያናግሩ» አልኩት፣ ጓደኞቹ ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም።

እንዲህ እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ስሄድ ባህር ዛፎቹ ጥላ ሥር ለብቻዋ የቆመች አንዲት ረዥም መኪና አየሁ። ወተት በመሰለ ቀለም አዲስ ተቀብታለች፣ እና ዝም ብዬ አልፌያት ነበር፣ ብቻ በመስኮቷ ወደ ውስጥ ሳይ እግሬ ቆመ። ካምቢዮዋ ላይ፣ እጅ የሚያርፍበት ጫፉ ላይ፣ የወይራ እንጨት አለ። ያንን እንጨት አውቀዋለሁ። ዋናው ተሰብሮበት ወርቁ ራሱ ነው ቤታችን በር ላይ ቁጭ ብሎ በቢላ የፋቀው፣ አንድ ጎኑን አብዝቶ ቆርጦት አውራ ጣቱን የሚያሳርፍባት ጎድጓዳ ነገር አላት። ያኔ መኪናዋ ጥቁር ነበረች።

አንድ ሸምገል ያሉ ሹፌር ጨርቅ ይዘው ኮፈኑን ይወለውላሉ። በኋላ ስማቸውን ነገሩኝ፣ ጋሽ ጥሩነህ፣ የጎጃም ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ፣ አንድ ላንሳዎት?»

«እኔ ምን ያደርግልሃል፣ እሷን አንሳት። ባለቤቱ ድንኳኑ ውስጥ ነው፣ ይጠጣል።»

«የማን ናት?»

«የደጃዝማቹ ነበረች፣ አሁን ልጃቸው ነው የያዛት። ቀለሟን እሱ ነው ያስለወጣት።»

«ከእርስዎ በፊት ማን ነበር የሚነዳት?»

ጨርቁ ቆመ። «አንተ ልጅ፣ ፎቶ አንሺ ነህ ወሬ ለቃሚ?»

«አይ፣ እንዲያው ካምቢዮዋን አይቼ ነው። ደስ ይላል እንጨቱ።»

«እሱን እንዳትነካው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም ጓንት አጥልቄ ነው የምይዘው።»

«ለምን?»

«ይሞቃል። ጠዋት ከጋራዥ ሳወጣት ብረቱ ሁሉ በረዶ ሆኖ እሱ ብቻ ይሞቃል፣ ሰው አሁን እጁን እንዳነሳበት።»

ሽማግሌ ቢጃጅ ምን ይደረጋል ብዬ በልቤ ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ወንድሜ ነው እኮ የሠራው አላልኳቸውም፣ ዝም ብዬ ራቅ አልኩና ካሜራዬን ደረቴ ላይ አደረግሁ። የኔ ካሜራ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታየው፣ አጎንብሰህ መስታወቱ ላይ ነው ምስሉን የምታየው። መኪናዋን አገኘኋት፣ አስተካከልኳት፣ ልጫን ስል በሹፌሩ በኩል ዝቅ አለች። ገባህ? አንድ ደህና ኪሎ ያለው ሰው ሲገባ ከሥሯ ያለው ባሌስትራ እንደሚጮኸው ቂው ብሎ ዝቅ አለች። ቀና አልኩ። በሩ አልተከፈተም። ማንም የለም። ጋሽ ጥሩነህ ከኋላ መብራት ያጥባሉ፣ አልነኳትም።

ነፋስ ነው አልኩ። እንደገና አጎነበስኩ፣ አሁን ደግሞ የሹፌሩ በኩል መስታወት ጉም ለበሰ። ሌላው መስኮት ሁሉ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ሆኖ፣ የዛ መስታወት ብቻ ከውስጥ ጭጋግ ያዘው፣ ከዛ ለቀቀው፣ ከዛ ያዘው፣ ለቀቀው። ሰው ሲተነፍስ እንደሚያደርገው። ሄጄ በእጄ ነካሁት፣ ከውጭ ደረቅ ነው። አንገቴ ሥር ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ፣ ይሄ አንደኛው ነው፣ ገና ነን።

ትርዒቱ ሲያልቅ መኪኖቹ በሰልፍ በቤተክርስቲያኑ በኩል ቁልቁል ወርደው ወደ ከተማ እንዲገቡ ተባለ። የደጃዝማቹ ልጅ ከድንኳኑ ወጣ፣ ቀይ ቀይ ብሏል፣ ጓደኞቹ ደግፈውታል፣ አየኝና «አንተ ፎቶ፣ የኔዋ ውስጥ ግባና ከኋላ የሚመጡትን እያነሳህ ሂድ» አለኝ፣ እሱ የአንድ ጓደኛው ክፍት መኪና ላይ ወጣ። በራሱ መኪና ለምን አልሄደም ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል፣ እኔም ያኔ አልጠየቅኩም። ጋሽ ጥሩነህ መንገዱን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

ከኋላ ወንበር ላይ ተንበርክኬ ወደ ኋላ ዞሬ እያነሳሁ ነው የምሄደው። ቁልቁለቱን ያዝን። የመድኃኔዓለም አጥር ጋ ስንደርስ በአንዴ ዝም አለ ነገሩ። ሞተሩ ጠፋ። ወንድሜን እንዴት ልንገርህ፣ ወርቁ በቤተክርስቲያን ሲያልፍ ኮፍያውን ማንሳት አይበቃውም፣ እየጮሁ ማለፍ ነውር ነው ብሎ ሞተር ያጠፋ ነበር፣ በተለይ እዚህ ቁልቁለት ላይ፣ ዝም ብሎ እየተንሸራተተ ያልፍና ከአጥሩ በኋላ ያስነሳል። ሌላ ሹፌር እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ዘወር አልኩ።

«ጋሼ፣ ለምን አጠፉት?»

«እኔ አላጠፋሁትም» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

እጃቸውን አየሁ። ሁለቱም ጉልበታቸው ላይ ናቸው። መሪው ግን ይዞራል፣ ትንሽ ወደዚህ ትንሽ ወደዚያ፣ ጉድጓድ እያየ እንደሚሸሽ ሰው። አጥሩ አለቀ፣ መኪናዋ አልተነሳችም፣ ከሰልፉ ወጣች፣ በግራ በኩል ወደ ወንዙ የሚወርደውን የጋሪ መንገድ ያዘች። ከኋላችን ክላክስ በክላክስ ሆነ፣ አንዱ እየሳቀ «ሰክራለች» ሲል ሰማሁት።

«ፍሬን ይያዙ እንጂ ጋሼ!»

«ይዤ አይቻለሁ። ዝም በል፣ አትጎዳህም።»

ባህር ዛፉ ውስጥ ገባን፣ ቅርንጫፍ ጣሪያዋን ይጭራል፣ ሌላ ድምፅ የለም፣ ወንዙ ዳር ስንደርስ ማንም ፍሬን ሳይነካ ለስለስ ብላ ቆመች። ጥሩ ሹፌር እንደሚያቆመው፣ ወደ ፊት ሳትንገዳገድ።

ጋሽ ጥሩነህ ኮፍያቸውን አወለቁ። «በዛ መንገድ በነዳኋት ቁጥር እዚህ ነው የምታመጣኝ።»

«ለልጁ አልነገሩትም?»

«ነገርኩት እንጂ። ፊቱ ኖራ መሰለ፣ ከዛ ሁለተኛ በዛ መንገድ እንዳትነዳት አለኝ። ዛሬ መጠጡ አስረሳው።» ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ግቢው ውስጥ መኪና የሚያጥቡት ሰዎች እንደሚሉት፣ የበፊቱ ሹፌር የጠፋ ቀን ልጁ ራሱ ነው እየነዳት የገባው። የፊቱን ወንበር ልብስ በዛው ቀን አቃጠሉት። እኔ አላየሁም፣ ሰማሁ ነው የምልህ።»

«ወርቁ ወንድሜ ነው» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። መጀመሪያ የሚቆጡ መሰለኝ፣ ከዛ ዓይናቸው ውሃ ሞላ፣ ሳያብሱት ተውት።

«እንግዲያው ሥራህን ሥራ» አሉኝ። «እኔ አፍ የለኝም፣ ልጆች አሉኝ። ካሜራህ ልጆች የሉትም።»

ወረድኩ። ከወንዙ አፋፍ ትንሽ ፈንጠር ብሎ መሬቱ ሰጥሟል፣ እንደ ሰው ቁመት ረዘም ያለ ቦታ፣ ሣሩ ከዙሪያው ይለያል፣ ወፍራም ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ። ምንም አልነካሁም። አነሳሁት። ከዛ ጋሽ ጥሩነህን ከመኪናዋ ፊት አቁሜ ቦታው እንዲታወቅ ከወንዙና ከባህር ዛፉ ጋር አንድ ላይ አነሳኋቸው። ልብ በል፣ እሳቸው ውጭ ናቸው፣ እኔ ውጭ ነኝ፣ መኪናዋ ባዶ ናት፣ በእናቴ እምላለሁ ባዶ ናት። ከዛ እሳቸው ገብተው ቁልፉን ሲያዞሩ ምንም እንዳልነበረች ተነሳች።

ሰኞ ጨለማ ክፍል ገባሁ። የሰጠመው መሬት ፎቶ ላይ ምንም አልወጣም፣ ሣር ነው፣ ማንም ቢያየው ሣር ነው። ሁለተኛውን ወረቀት የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ከተትኩት፣ ባህር ዛፉ መጣ፣ ወንዙ መጣ፣ ጋሽ ጥሩነህ ኮፍያቸውን ይዘው መጡ፣ ከዛ ከኋላቸው፣ መሪው ጋ፣ ሰው መጣ። ክርኑን መስኮቱ ላይ አሳርፏል፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ዘመም አድርጓል። ወርቁ አንገቱን እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ልጅ እያለ ከበቅሎ ወድቆ እንደዛው ቀረ። እንደቆምኩ ቀረሁ፣ ጋሽ ስርጋጋ በሩን እየደበደበ «እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» ይለኛል።

አሁን ምን አደረግሁ መሰለህ። ይሄ ማስረጃ ነው አልኩ፣ ሞቷል፣ እዛ ነው ያለው፣ ራሱ መጥቶ አሳየኝ፣ ስለዚህ መርዶ ይነገርና እናቴ ታልቅስ። መርዶ ደግሞ ልጅ ለእናቱ ዝም ብሎ አይናገርም፣ ወጉ አይደለም፣ ሽማግሌ ነው ጎህ ሲቀድ ሄዶ የሚያረዳው። ፎቶዋን ይዤ የእድራችን ዳኛ ጋ፣ ጋሽ ንዳ ጋ ሄድኩ። መነፅራቸውን አደረጉ።

«ይሄ የወለቴ ልጅ አይደል እንዴ? ወርቁ?»

«ነው ጋሼ። መርዶውን እንዲያረዱልን ነው የመጣሁት።»

«መቼ የተነሳ ነው?»

«እሁድ።»

«የቱ እሁድ?»

«የትናንትናው።»

መነፅራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ጠጥተሃል? ትናንት ፎቶ የተነሳን ሰው ነው ሞተ ብለህ የምታስረዳኝ?»

ነገርኳቸው፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ መሪው፣ ስለ ሰጠመው መሬት፣ ስናገር ለራሴም እብድ መሰልኩ። በመጨረሻ «ይቺ እኔ ጋ ትደር፣ ሽማግሌዎቹ ይዩዋት» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ምነው እጄን በቆረጠው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ከሰፈራችን መግቢያ ጀምሮ እልልታ ይሰማኛል። ማን ወለደ ስል፣ እልልታው ከኛ ቤት ነው። ጋሽ ንዳ ፎቶዋን ይዘው መጥተው «ወለቴ፣ የምስራች» ብለዋታል፣ እናቴም «ምስር ብላ» ብላ ተቀብላለች፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል፣ ያቺ ባለ ድመቷ እትዬ እንኳን እያለቀሰች ትስቃለች። እናቴ ፀጉሯን ታጥባ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። የት እንደነበረች አላውቅም ያቺ ቀሚስ። ፎቶዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ እኔን ስታይ ፊቷ ተቀየረ።

«ወንድምህን አንስተኸው ሳትነግረኝ አደርክ?»

«እማዬ፣ ስሚኝ...»

«ከስቷል? ምን አለህ? ሰላም በልልኝ አላለህም?»

«አላናገረኝም እማዬ።»

«እነሱን ፈርቶ ነው» አለችና ለሰዉ ዞረች፣ «አያችሁ፣ ይነዳል፣ ዛሬም ሥራው ላይ ነው ልጄ፣ ከዳ ያሉት አፍረው ይቅሩ።»

ምን ልበላት? አንተ ብትሆን ምን ትላታለህ? ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ይሄ የምታዩት ሰው ሬሳ ነው ልበል? ምስክር ያስፈልገኛል አልኩና በበነጋው ጋሽ ጥሩነህን ፍለጋ ደጃዝማቹ ግቢ ሄድኩ። ያው ዘበኛ ነው።

«ጥሩነህ? የለም። ከድቶ ጠፍቷል።»

«መቼ?»

«አንተ ማነህ?» አለኝ፣ እኔም ማንም አይደለሁም ብዬ ሄድኩ። ከግቢው ውስጥ መኪናዋ ትታየኛለች፣ ሊቀቧት ነው መሰለኝ ቀለሟን ፍቀውታል፣ ከሥር ጥቁሩ ወጥቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት ዶማ ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ብቻዬን ነኝ፣ ፀሐይ ነው፣ ከወንዙ ላይኛው በኩል የልብስ አጣቢዎች ወሬ ይሰማል፣ የሚያስፈራ ነገር የለም። ሣሩ ላይ ቆምኩ። ዶማውን አነሳሁ። እና አንድ ነገር መጣብኝ፣ ካገኘሁት ያቺን ፀጉሯን የታጠበች እናቴን ዛሬ በእጄ ልገድላት ነው፣ ካላገኘሁት ደግሞ ያ መስታወት ላይ ሲተነፍስ የነበረው ማን ነው? እንዲህ እያልኩ ዶማው አየር ላይ እንዳለ ከኋላዬ፣ በጣም ከቅርብ፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እህ፣ አለ። ሰው ሥራ ላይ ያለን ሰው ላለማስደንገጥ መምጣቱን ሲያሳውቅ እንደሚያደርገው። ዞርኩ፣ ባህር ዛፍ ነው። መንገዱ ባዶ ነው። አጣቢዎቹ ዝም ብለዋል፣ ወንዙ ራሱ ዝም ያለ መሰለኝ።

ይቅር በለኝ ያልኩት ለማን እንደሆነ አላውቅም። ዶማውን እዛው ጥዬ ሮጥኩ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ወርቁን ልፈልግ ነው ብያት ነው እኮ የወጣሁት፣ ሌላ ምን እላታለሁ።

«አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም።»

ላቤን አየች፣ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አየች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«እሺ» አለችኝ፣ «ነገም ሂድ።»

ይኸው በየቀኑ እሄዳለሁ።